ፊት በከሰልና በፓስቴል እንዴት ይሳላል፦ ከአኻያ እንጨት እስከ መስታወቱ

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ አንድ በርና አንድ መዳፍ የምታክል መስኮት ያለው ቤት ውስጥ፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው ስለዚ መስኮቷ ብዙ ጊዜ ዝግ ናት። አያቴ (እማማ ነው የምንላት) ጠዋት ጠዋት ጋቢዋን ተከናንባ በሩ ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ግማሽ ፊቷ ብርሃን ግማሹ ጨለማ። ያንን ፊት ለመሳል ሁለት አመት ሙሉ በእርሳስ ታግያለሁ፣ አይኗን አሳምሬ እሰራለሁ ከዛ አፍንጫ ከዛ አፍ፣ ሲያልቅ የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል፣ እማማ ራሷ አይታው «ይቺ ደሞ የማን ናት» ብላኛለች። ነገሩ የገባኝ ከሰል የያዝኩ ቀን ነው። ከሰል ቀጭን መስመር እሺ አይልም፣ ጎኑን አስተኝታችሁ ስትጎትቱት ሰፊ ጥቁር ይጥላል፣ እና ያ ጨለማው ግማሽ በአንዴ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ሲል እማማ መጣች፣ አይን የላት አፍ የላት ግን እሷ ናት። ስለዚ እዚህ ከጥላ ነው የምንጀምረው፣ አይን መጨረሻ አካባቢ ይመጣል፣ ታገሱኝ።

ከሰሉን ቤት መስራት

ሱቅ ላይ የስዕል ከሰል ሶስት አይነት ነው። አንደኛው ቀጭን እንጨት እንዳለ የከሰለ፣ ለስለስ ያለ እፍ ቢባል የሚለቅ፣ ሁለተኛው ኮምፕረስድ የሚባለው ዱቄቱ በማያያዣ ተጨምቆ የተሰራ በጣም ጥቁር ግን አልጠፋም ባይ፣ ሶስተኛው የከሰል እርሳስ። ለጀማሪ የመጀመሪያው ነው፣ ስህተት ይቅር ይላል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ መግዛት ለማይመቸው ደሞ ቤት ይሰራል፣ የምር።

ፈረንጆቹ ለዚህ የሚመርጡት ዊሎው የሚሉት ዛፍ የኛው አኻያ ወገን ነው፣ ወንዝ ዳር የሚበቅለው። እርሳስ የሚያክል ቀጥ ያለ ቀንበጥ ቁረጡ፣ ቅርፊቱን ላጡ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ጥላ ላይ አድርቁት። ከዛ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ ቁመት ልክ ቆርጣችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አቁሟቸው፣ ክዳኑን በሚስማር አንድ ቀዳዳ ብሱትና ፍም ውስጥ ቅበሩት። መጀመሪያ በቀዳዳው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ቀጥሎ የሚወጣው ጋዝ ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል አትደንግጡ፣ ጭሱ ሙሉ በሙሉ ሲያቆም በስሏል ማለት ነው፣ እንደ እሳቱ አንድ ሰአት ወይ ከዛ በላይ ይፈጃል። አሁን ጣሳውን አውጡ ቀዳዳዋን በጭቃ ድፈኗትና እስከ ማግስቱ ጠዋት አትንኩት። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ቸኩዬ ትኩሱን ከፈትኩት፣ አየር ሲያገኝ ቦግ አለና የሁለት ሳምንት እንጨቴ አይኔ እያየ አመድ ሆነ። በደንብ የበሰለ ከሰል ስትጥሉት ሸክላ ነገር ድምጽ አለው፣ ወረቀት ላይ ቡኒ የሚጽፍ ከሆነ ግን ጥሬ ነውና ይመለስ።

ምድጃ ላይ ያለው የቤት ከሰል አይሆንም ወይ ለምትሉ፣ ለሙከራ ይሆናል ግን ግራርና ባህር ዛፍ ጠንካራ ስለሆኑ ወረቀቱን ይቧጭሩታል። ደሞ በነካ እጄ፣ ብርድ ነው ብላችሁ ፈርኔሎ አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትሳሉ፣ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ወረቀት ላጲስ ምናምን

ለስላሳ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከሰል አይዝም፣ ሻከር ያለ ነው የሚፈለገው። እኔ ለልምምድ የምወደው ካኪ ወረቀት ነው፣ ትልልቁ ፖስታ የሚሰራበት ቡኒው፣ እርካሽ ነው ዋናው ግን ቀለሙ ራሱ የኛን የፊት መካከለኛ ቀለም ይሰጣችኋል፣ ጨለማውን በከሰል ብርሃኑን በነጭ ፓስቴል (ጠመኔ የሚመስል ባለቀለም መሳያ) ጨምራችሁ መሃሉን ወረቀቱ ይሰራላችኋል። ችግሩ በጊዜ ብዛት ይደርቃል ይሰባበራል፣ ስለዚ ሊቀመጥ ለሚገባው ስራ ለፓስቴል የተሰራ ባለቀለም ወረቀት ግዙ። መጠኑ ከኤ3 አይነስ፣ ትንሽ ወረቀት ላይ እጅ በጣት ብቻ ይሰራል፣ ከሰል ደሞ በትከሻ ነው የሚሳለው።

ቺፕውድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ ከስሩ ሁለት ሶስት ወረቀት አንጥፉ። ሰሌዳው ይቁም እንጂ አይተኛ፣ አንደኛ አቧራው ወደታች ይወርድላችኋል ሁለተኛ የተኛ ወረቀት ላይ የተሳለ ፊት ስታቆሙት ግንባሩ ተስቦ ነው የምታገኙት።

ላጲስ ሊጥ የሚመስለው የሚለጠጠው ካለ እሰየው፣ ከሌለ የዳቦ ውስጥ። አልቀለድኩም፣ ጎማ ላጲስ ሳይፈጠር በፊት ሰአሊዎች በዳቦ ነበር የሚያጠፉት፣ ነጩን የዳቦ ልብ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን ስታደርጉት ከሰሉን ያነሳል። ቅባት የነካው ዳቦ ግን ወረቀቱን ያበላሻል። አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ለመሳያ መቅረጫ፣ አንድ ያረጀ የነጠላ ጨርቅ ለማራገፊያ፣ በቃ።

ፓስቴል ላይ ተጠንቀቁ፣ ስቴሽነሪ ገብታችሁ ፓስቴል ስትሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጧችሁ የልጆች ኦይል ፓስቴል ነው። ጣታችሁ ላይ አሹት፣ ቅባት ከሆነ መልሱ ዱቄት ከሆነ እሱ ነው። ቅባቱ ከከሰል ጋር አይስማማም፣ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። የሰሌዳ ጠመኔ ደሞ ለነጭ ቦታ ለልምምድ ታገለግላለች ግን ደካማ ናት።

ብርሃኑ

መጽሐፉም ዩቲዩቡም ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ ይላል፣ ጸሀይ በቀጥታ ስለማይገባበት። ይሄ ለአውሮፓ ነው የሚሰራው። እኛ ደብረ ብርሃን ያለነው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አንሞላም፣ ስለዚ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ አካባቢ የቀትር ጸሀይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ሰኔ ላይ ሰሜን መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ጸሀይ ግንባር ላይ ስትመጣ አትገረሙ። የሚሻለው የትኛውም አቅጣጫ ይሁን በዛ ሰአት ጸሀይ የማትገባበት በር ነው። በር ከመስኮት ይበልጣል፣ ብርሃኑ ከላይ እስከ ታች ሰፊ ስለሆነ የጥላው ጠርዝ ለስለስ ይላል። ሰውየው ከበሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በጎኑ ይቀመጥ፣ ከጀርባው ያለው ቤት ጨለማ ይሁን፣ አምፖል አጥፉ። ሁለት ብርሃን ካለ ጥላው ሁለት ይሆንና ፊቱ ይምታታባችኋል።

የስልክ ፎቶ በፍላሽ ከሆነ አይሆንም፣ ፍላሽ ጥላውን ይበላዋል የቀረ ነገር የለም። ያለ ፍላሽ በሩ ጋ የተነሳ ከሆነ መለማመጃ ይሆናል፣ ፊልተር ግን አጥፉ።

ማስቀመጥ፣ በአቦል በቶና በበረካ

ሰው ዝም ብሎ አንድ ሰአት አይቀመጥም፣ በተለይ አዛውንት። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ቡና ነው። ቡናው እየተቆላ እስከ አቦል ያለው ጊዜ ለቦታ ማስያዝ፣ አቦል ተጠጥቶ እስከ ቶና ለጥላ፣ ከቶና እስከ በረካ ለአይንና ለአፍ፣ በየመሃሉ ሰው ይፈታታል ያወራል። እያወሩ ይሳሉ ዝም አታሰኟቸው፣ ዝም ያለ ፊት ይደርቃል። አይናቸው የሚያርፍበት ነገር ብቻ ስጧቸው፣ ምሰሶው ላይ ያለ ሚስማር ወይ ጀበናው፣ ሲያወሩ ቢዞሩም ወደሱ ይመለሳሉ።

ደሞ ሳታስፈቅዱ አትሳሉ። እና ሙሉ በሙሉ በጎን አታስቀምጧቸው፣ በኛ የቤተክርስቲያን ስዕል ላይ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት አይን ነው የሚሳሉት፣ ክፉው ደሞ በጎን በአንድ አይን፣ ይሄን የሚያውቁ እናቶች በጎን ስትስሏቸው ደስ አይላቸውም። እማማ «ይሁዳ አደረግከኝ» ብላ ነው ያስነሳችኝ። ሩብ ዞር ያለ ፊት ሁለቱንም አይን ያሳያል ለጥላም ይመቻል።

ቦታ ማስያዝ

ከሰሉን በጣም ሳትጫኑ መጀመሪያ የጭንቅላቱን ላይኛ ጫፍና አገጩን በሁለት ጭረት ምልክት አድርጉ፣ ሻሽ ካለ ሻሹን ሳይሆን ከስሩ ያለውን ራስ ገምቱ። መሃሉን አካፍሉ፣ የአይን መስመር እዛ ነው፣ በትክክል መሃል። ይሄን የሚያምን የለም፣ ሁሉም ሰው አይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል ያተልቀዋልም፣ እኛ ደሞ ግድግዳ ላይ ትልልቅ አይን እያየን ስላደግን ይብስብናል። ከጸጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ስር፣ ከአፍንጫ ስር እስከ አገጭ ሶስቱ ተቀራራቢ ናቸው። ጆሮ በቅንድብና በአፍንጫ ስር መካከል ነው። ፊት ለፊት ሲታይ የራስ ስፋት አምስት አይን ያህላል፣ በሁለቱ አይኖች መሃል አንድ አይን ይገባል። ይሄ መነሻ ነው እንጂ የማንም ሰው ፊት እንደዚህ ልክ አይደለም፣ እንደውም መልክ የሚባለው ከዚህ ልክ የወጣው ነገር ነው፣ ስለዚ እያንዳንዱን ለኩ። ስንደዶ ያዙ፣ ክንዳችሁን ሙሉ ዘርጉ፣ አንድ አይን ጨፍኑ፣ የአፍንጫውን ርዝመት በአውራ ጣት ያዙና ከአገጩ ጋር አስተያዩ። ግንበኛ ቱንቢ እንደሚጥለው ክር ላይ ቁልፍ አስራችሁ ከአይን ጥግ ወደታች ጣሉት፣ አፍንጫው ክንፍ ጋ ያርፋል ወይስ የከንፈር ጥግ ጋ፣ ጭንቅላት ዘንበል ማለቱ እዚህ ላይ ነው የሚያዘው።

ጥላውን መጣል

ዋናው ይሄ ነው፣ ጊዜያችሁን ከዚህ ላይ አትቆጥቡ። አይናችሁን ጨፈን አድርጉ፣ ሽፋሽፍታችሁ ውስጥ ሆናችሁ ስታዩ ዝርዝሩ ይጠፋና ሁለት ነገር ብቻ ይቀራል፣ ብርሃንና ጨለማ። የጨለማውን ቅርጽ እንደ ሀገር ካርታ አስቡት። የአይን ጉድጓድ፣ የአፍንጫው ጎን፣ ከአፍንጫ ስር የወደቀው ጥላ፣ የላይኛው ከንፈር፣ ከታችኛው ከንፈር ስር፣ ጉንጭ፣ አንገት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይያያዛሉ። ጠርዙን በስሱ አስምሩና ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያህል የከሰል ቁራጭ ጎኑን አስተኝታችሁ በአንድ አይነት መካከለኛ ጥቁር ሙሉውን ሙሉት። አይንም አልሰራሁም አፍም አልሰራሁም አትበሉ፣ ጥላ ውስጥ ይሸፈኑ። ከዛ ሶስት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ። ሰውየውን ከሩቅ መንገድ ላይ ብታዩት እንደምትለዩት ከወረቀቱም መለየት አለበት፣ ካልተለየ አይን መጨመር አያድነውም። በጨርቅ አራግፉና ድገሙት። እኔ አንዳንዴ አምስቴ አራግፋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ደብዛዛ ግራጫ ደሞ ለቀጣዩ ይጠቅማል።

ሲያዝ ነው ወደ አምስት ደረጃ የምትሄዱት፣ በጣም ጥቁር፣ ጥቁር፣ መሃል፣ ፈካ ያለ፣ በጣም ፈካ ያለ። በጣም ጥቁሩን በኮምፕረስድ ሶስት አራት ቦታ ብቻ አስቀምጡ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የከንፈር መጋጠሚያ፣ ሽፋሽፍት ስር። ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ድንበር ከጥላው ውስጥ ጠቆር ያለው ቦታ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይፈካል ምክንያቱም ብርሃን ከሌላ ነገር ነጥሮ ይመጣል። ጋቢ የለበሰ ሰው ላይ ይሄ በደንብ ይታያል፣ ነጩ ጋቢ አገጭ ስር ብርሃን ይረጫል። ግን አትታለሉ፣ ያ የነጠረ ብርሃን ምንም ቢፈካ በብርሃኑ በኩል ካለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ጥላው በኩል ያለው ጋቢም እንደዛው ነጭ አይደለም፣ ብርሃን ካረፈበት ጋቢ ጋር አስተያዩት ግራጫ ነው።

ጥቁር ቆዳ ስለሆነ ብላችሁ ሁሉን በከሰል አትለቅልቁ። የጠይም ፊት ውበቱ የሚያበሩት ቦታዎች ጠርዛቸው ጥርት ያለ መሆኑ ላይ ነው፣ ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ አናት። እነሱን በሊጥ ላጲስ ወይ በዳቦ እየነካችሁ አውጡ፣ መሳያችሁ ላጲሱ ነው በዚህ ሰአት።

በጣት አትሹ። ይሄን ጮክ ብዬ ነው የምለው። ጣት ቅባት አለው፣ ያሻችሁት ቦታ ነጥብ ነጥብ ሆኖ አይጠፋም፣ ከዛም በላይ ሁሉ ነገር ለስልሶ ፊቱ ፕላስቲክ ይሆናል። ኬቴ ኮልቪትዝ የምትባል ጀርመናዊት (1867 እስከ 1945 የኖረች በነሱ አቆጣጠር) የራሷን ፊት በከሰል የሳለችውን ፈልጋችሁ እዩ፣ ጭረቱ እንዳለ ነው፣ ሀዘኑን የምታዩት እዛ ጭረት ውስጥ ነው።

አይን፣ አፍ፣ ስሜት

ስሜት ሶስት ትንንሽ ቦታ ላይ ነው ያለው፣ የቅንድብ የውስጥ ጫፍ፣ የታችኛው የአይን ቆብ፣ የከንፈር ጥግ። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሀኪም በ1862 እ.ኤ.አ. የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ያሳየው ነገር አለ፣ የእውነት ሳቅ ከንፈር ብቻ ሳይሆን አይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻም ያንቀሳቅሳል። ስለዚ የሚስቅ ሰው ስትስሉ ጥርስ ላይ አትድከሙ፣ ጉንጩ ወደላይ ወጥቶ የታችኛውን ቆብ ሲገፋው ያለውን እጥፋት ያዙ። ጥርስ አንድ በአንድ ከተሳለ በቆሎ ነው የሚሆነው፣ አንድ ፈካ ያለ ጭረት ይበቃል። ሲከፋው የቅንድብ የውስጥ ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል፣ በጣም በትንሹ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር አንድን ሰው ከሀሳብ ወደ ለቅሶ ይወስደዋል።

የአይን ነጩ ነጭ አይደለም። የላይኛው ቆብ ጥላ ይጥልበታል፣ ኳስ ስለሆነም ወደ ጥጉ ይጠቁራል። ጥቁሩ ክብ ሙሉ አይታይም፣ ላይኛው ቆብ ይሸፍነዋል፣ ሙሉ ካሳያችሁት ሰውየው የደነገጠ ነው የሚመስለው። ብልጭታዋን በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱም አይን ላይ በአንድ በኩል።

የአዛውንት ፊት መጨማደድ ያጓጓል አውቃለሁ። መስመር አድርጋችሁ አትሳሉት፣ እጥፋት ነው፣ አንድ በኩሉ ብርሃን አንድ በኩሉ ጥላ። ከሀያው ሶስቱን ምረጡ፣ ሌላውን ተዉት። እማማ አይን ጥግ ያሉት ሶስት ጨረሮች እድሜ ልኳን ደጋ ጸሀይ ላይ አይኗን አጥብባ ስታይ የመጡ ናቸው፣ እነሱን ሳወጣ ሌላው ሁሉ አላስፈለገም።

ደሞ ሁሉንም እኩል አትጨርሱ። ብርሃን በኩል ያለውን አይን ጨርሱ፣ ጥላ ውስጥ ያለው ይድበስበስ፣ ጋቢው በአራት ጭረት ይቅር።

ፓስቴሉ

ቀለም ለመጨመር የመጀመሪያው ስራ የላላውን ከሰል ማራገፍና በስሱ ፊክሳቲቭ (ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ ስፕሬይ) መንፋት ነው፣ ያለዚያ ፓስቴሉ ከከሰሉ ጋር ይቀላቀልና አመድ የመሰለ ግራጫ ይሆናል፣ በተለይ ነጩ። ከሰባት ስምንት መሳያ በላይ አትያዙ። ለጥላ ጥቁር አትንኩ፣ ወይንጠጅና ጥቁር ሰማያዊ ከቀላ ያለ ቡኒ ጋር ደራርቡ፣ ለመሃሉ የሸክላ ቀለምና ኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም)፣ ጆሮና አፍንጫ ጫፍና ጉንጭ ቀላ ይላሉ ደም ስለሚበዛባቸው። ግንባር ላይ የሚያበራውን በነጭ አታድርጉት፣ በሩ ጋ የተቀመጠ ሰው ሰማዩ ነው ፊቱ ላይ የሚያበራው፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ወይ ፈዛዛ ወይንጠጅ አድርጉና ራቅ ብላችሁ እዩት። ነጩን ለጋቢው አስቀምጡት፣ እሱም ብርሃን ያረፈበት ጠርዝ ላይ ብቻ።

ቅደም ተከተሉ ከጥቁር ወደ ፈካ፣ ከጠንካራው መሳያ ወደ ለስላሳው ነው። አታሹት፣ ጭረት በጭረት ጎን አስቀምጡ ቀለሙ አይን ውስጥ ይቀላቀላል። ዴጋ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰአሊ በየደረጃው ፊክሳቲቭ እየነፋ ነበር የሚደራርበው፣ እኛም ወረቀቱ ጠግቦ ቀለም አልይዝ ሲል እንደዛ እናደርጋለን። ፊክሳቲቭ ግን ቀለሙን ትንሽ ያጠቁረዋል፣ ስለዚ የመጨረሻዎቹን ፈካ ያሉ ጭረቶች ከነፋችሁ በኋላ አስቀምጡና ተዉት።

አቧራውን በአፋችሁ እፍ አትበሉ፣ ሰሌዳውን ከኋላ መታ መታ አድርጉት። አንዳንድ ፓስቴል ውስጥ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ነገር ስላለ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም፣ ለልጆችም አትስጡ።

ማቆየት

ፊክሳቲቭ ከሌለ የጸጉር ስፕሬይ ለልምምድ ይሰራል፣ በጊዜ ግን ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ደጅ ወጥታችሁ ነፋስን ጀርባ ሰጥታችሁ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ በስሱ ሁለት ሶስቴ፣ በየመሃሉ እየደረቀ። ቀርቤ ነፍቼ የእማማ ግንባር ላይ ፈንጣጣ የመሰለ ነጠብጣብ አውጥቼ አውቃለሁ። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ አትንፉ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ይሸበሸባል፣ ጠዋት 4 ሰአት አካባቢ ሲገልጥ ጠብቁ።

ስራ ላይ ስራ ስትደራርቡ በመሃል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ እና እንዳይንሸራተት ጥጉን ያዙት። ፍሬም ስታሰሩ መስታወት በሉ እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፣ ፕላስቲክ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይፈጥርና ዱቄቱን ወደራሱ ይስባል። መስታወቱ ስዕሉን እንዳይነካ በዙሪያው ቀጭን የካርቶን ጠርዝ በመሃል ይግባ፣ አናጺው «ለምን ይሄ ሁሉ» ካላችሁ አቧራው መስታወቱ ላይ እንዳይለጠፍ ነው በሉት። ስትሰቅሉት ጸሀይ ከምትመታው ግድግዳና ከምድጃው ጭስ አርቁት።